የእድገት ሆርሞን እጥረት በልጆች ላይ፦ ምርመራውና ሕክምናው

ልጅ በዓመት ስንት ሴንቲ ሜትር ያድጋል

ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሁለተኛው ዓመት ጭማሪው ወደ 12፣ በሦስተኛው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና መዳረሻ ድረስ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር እየጨመረ ይቆያል። በጉርምስና ወቅት እንደገና ይመዘዛል፤ ቀጥሎም ቁመቱ ይቆማል።

ስለ ልጅ እድገት ሲነገር ታዲያ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉ። አንዱ ቁመት ነው። ሌላው የእድገት ፍጥነት (ቁመት በአንድ ዓመት ውስጥ የጨመረው መጠን) ነው። ስድስት ዓመት የሞላቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ሁለቱም 105 ሴንቲ ሜትር ናቸው እንበል። የዚህ ዕድሜ መካከለኛ ቁመት 116 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ከዓመት በኋላ አንደኛው 111፣ ሁለተኛው 108 ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያው አጭር ቢሆንም እንደ እኩዮቹ እያደገ ነው። ሁለተኛው ግን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየቀረ ነው፤ ምርመራ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልኬት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር።

ልኬቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫማ ይወልቃል፤ ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ከመለኪያው ጋር ይገጥማሉ፤ ዓይን ፊት ለፊት ያያል። ከአናት ላይ የተቋጠረ ሹሩባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ስለሚችል ይፈታል ወይም ገለል ይደረጋል። በሁለት ልኬቶች መካከል ቢያንስ ስድስት ወር ሊያልፍ ይገባል፤ ከዚያ ባጠረ ጊዜ የመለካት ስሕተቱ ከእድገቱ ሊበልጥ ይችላል። በብዙ ጤና ተቋማት ክብደት በየጊዜው ሲመዘገብ ቁመት ሳይለካ ይታለፋል። ይህ ቀላል የሚመስል ክፍተት ምርመራው ለዓመታት እንዲዘገይ ሊያደርግ ይችላል።

የማደግ ትእዛዝ ከየት ይነሣል

ሆርሞን ማለት በአንድ የሰውነት ክፍል ተመርቶ በደም ተጉዞ ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚያዝ ኬሚካል ነው። የእድገት ሆርሞን የሚመነጨው ከፒቱታሪ ዕጢ ነው። ይህች ዕጢ ከአንጎል ግርጌ፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ባለ ትንሽ ጉድጓድ የምትቀመጥ ሲሆን የሽምብራ ፍሬ ታህላለች፤ ክብደቷም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ሆርሞኑ 191 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሠረታዊ ቅንጣቶች) ተያይዘው የሠሩት ፕሮቲን ነው።

ዕጢዋ በራሷ ፈቃድ አትሠራም። ከበላይዋ ያለው ሃይፖታላመስ (ረሃብን፣ ሙቀትንና የሆርሞኖችን ሥራ የሚቆጣጠር የአንጎል ክፍል) ሁለት ተቃራኒ መልእክቶች ይልክላታል፤ አንዱ ሆርሞኑን እንድትለቅ ያነሣሣታል፣ ሌላው ያስታግሳታል። በዚህ ምክንያት የእድገት ሆርሞን ወደ ደም የሚገባው ያለማቋረጥ ሳይሆን በየሰዓታቱ እየፈነዳ ነው። ትልቁ ፍንዳታ እንቅልፍ ከያዘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ እንቅልፉ ሲጠልቅ ይመጣል። በፍንዳታዎቹ መካከል በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። ይህ ጠባይ፣ ወደ ፊት እንደሚታየው፣ ምርመራውን ያከብደዋል።

አጥንት እንዴት ይረዝማል

በጭን፣ በቅልጥምና በክንድ አጥንቶች ጫፍ አካባቢ የእድገት ንጣፍ የሚባል ስስ የልም አጥንት ሽፋን አለ። ልም አጥንት እንደ ጆሮና እንደ አፍንጫ ጫፍ የሚተጣጠፍ፣ ገና ያልጠነከረ አካል ነው። በንጣፉ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እየተባዙ በዓምድ ይደረደራሉ፤ በዓምዱ በአንድ በኩል ያሉት አርጅተው ያብጣሉ፣ ካልሲየም ይሞላቸዋል፣ በመጨረሻም በእውነተኛ አጥንት ይተካሉ። አዲስ ሕዋስ በአንድ በኩል ሲጨመር አጥንት በሌላው በኩል ስለሚሠራ የአጥንቱ ርዝመት ይጨምራል።

የእድገት ሆርሞን ይህን ሥራ በሁለት መንገድ ያካሂዳል። በቀጥታ የንጣፉን ሕዋሳት ያነቃቃል። በተዘዋዋሪ ደግሞ ጉበትንና ራሱን ንጣፉን አይጂኤፍ-1 (ኢንሱሊን የሚመስል፣ ሕዋሳት እንዲባዙ የሚያደርግ ፕሮቲን) እንዲያመርቱ ያዛል። ዕጢዋ ሆርሞኑን ካላመነጨች ሁለቱም መንገዶች ይዳከማሉ። ሆርሞኑ ከቁመት በተጨማሪ ስብ እንዲቃጠል፣ ጡንቻ እንዲገነባና በጾም ሰዓት የደም ስኳር እንዳይወርድ ያግዛል።

ንጣፉ ለዘላለም ክፍት አይደለም። በጉርምስና ማብቂያ ላይ ኤስትሮጅን (የሴት ጾታ ሆርሞን፣ በወንዶችም ሰውነት ውስጥ ከቴስቶስቴሮን የሚሠራ) ንጣፉን ሙሉ በሙሉ ወደ አጥንት ያስለውጠዋል። አንዴ ከተዘጋ በኋላ የትኛውም መጠን ያለው የእድገት ሆርሞን ቁመት አይጨምርም። ሕክምናው በጊዜ መጀመር አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እጥረቱ ከምን ይመጣል

እጥረቱ አብሮ የተወለደ ወይም በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። አብሮ ከተወለደ ምክንያቱ ዕጢዋ በፅንስነት ጊዜ በሚገባ ሳትሠራ መቅረቷ፣ ከሃይፖታላመስ ጋር የሚያገናኛት ቀጭን ግንድ መቋረጡ ወይም የዘረመል ለውጥ (ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ መዛባት) ይሆናል። በኋላ የሚመጣው ደግሞ በዕጢዋ አጠገብ በሚበቅል እብጠት፣ ለአንጎል ካንሰር በሚሰጥ የጨረር ሕክምና ወይም በከባድ የራስ ቅል ጉዳት ነው። በብዙ ልጆች ላይ ግን የተለየ ምክንያት አይገኝም። ሁኔታው ባጠቃላይ ከ4,000 እስከ 10,000 ከሚሆኑ ልጆች በአንዱ ላይ እንደሚታይ ይገመታል።

የዘረመሉ ዓይነት በግልጽ የታየበት ቦታ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሰርዢፔ ግዛት የሚገኘው የኢታባያኒኛ አካባቢ ነው። በዚያ በዝምድና በተሳሰሩ ቤተሰቦች ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎች አንድ ዓይነት የዘረመል ለውጥ ወርሰዋል፤ ዕጢያቸው የሃይፖታላመስን የማነሣሻ መልእክት የሚቀበልበት አካል ስለጎደለው የሚያመነጨው የእድገት ሆርሞን እጅግ ጥቂት ነው። ሳይታከሙ ያደጉት አዋቂዎች ቁመታቸው ከ105 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የአካል ምጣኔያቸው ግን የተስተካከለ ነው። የዚህን ማኅበረሰብ ሁኔታ ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋል።

በልጁ ላይ ምን ምልክት ይታያል

ፅንስ በማሕፀን የሚያድገው በዋናነት በራሱ የእድገት ሆርሞን ሳይሆን በእናቱ በኩል በሚደርሰው ምግብ፣ በኢንሱሊንና በአይጂኤፍ ስለሆነ እጥረቱ ያለበት ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ ከሌሎች ብዙ አይለይም። ይሁን እንጂ እጥረቱ ከባድ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ስኳሩ ይወርዳል፤ ቢጫነቱ ከተለመደው በላይ ይቆያል፤ በወንድ ሕፃን ላይ ብልቱ በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። የስኳሩ መውረድ ሳይታወቅ ከቆየ አንጎልን ስለሚጎዳ ከቁመቱ ይልቅ አስቸኳይ የሚሆነው እርሱ ነው።

ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የፍጥነቱ መቀነስ ይገለጣል። ከሁለት ዓመት በፊት የተገዛ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ዛሬም ልክ ይሆናል፤ ጫማውም ሳይጠብበት ያልቃል። ልጁ ከዕድሜው ያነሰ፣ ክብ ፊት ያለው፣ ወገቡ አካባቢ ሞላ ያለ ይመስላል፤ ጥርሱም ዘግይቶ ይበቅላል። የአእምሮ እድገቱ በአብዛኛው የተስተካከለ ነው። ችግሩ ሰዎች እንደ ዕድሜው ሳይሆን እንደ ቁመቱ ስለሚያስተናግዱት የአሥር ዓመቱ ልጅ እንደ ስድስት ዓመት ሕፃን መቆጠሩ ነው።

አጭር ልጅ ሁሉ እጥረት አለበት ወይ

የለበትም። አብዛኞቹ አጫጭር ልጆች ጤነኞች ናቸው። የአባትና የእናት ቁመት የልጅን ቁመት ይወስናል፤ ለግምት የሚያገለግል ቀላል ስሌትም አለ። የሁለቱ ቁመት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል፤ ለወንድ ልጅ 6.5 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል፣ ለሴት ልጅ ያው ይቀነሳል። አባቱ 165፣ እናቱ 152 ሴንቲ ሜትር ለሆኑ ልጅ መካከለኛው 158.5 ነው፤ ወንዱ ወደ 165፣ ሴቷ ወደ 152 አካባቢ ያድጋሉ ተብሎ ይጠበቃል። ሌሎች ልጆች ደግሞ ጉርምስናቸው ስለሚዘገይ ብቻ ለጊዜው ያጥራሉ፤ አባታቸው ወይም እናታቸውም ዘግይተው የተመዘዙ መሆናቸው ሲጠየቅ ይታወቃል።

በኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የምግብ እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች 37 ከመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። በምግብ እጥረት የቀጨጨ ልጅ ፒቱታሪው የእድገት ሆርሞንን በብዛት ያመነጫል፤ ነገር ግን ጉበቱ በቂ ምግብ ስለማያገኝ ለትእዛዙ አይጂኤፍ-1 በማምረት ምላሽ አይሰጥም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የእድገት ሆርሞን መርፌ ጥቅም የለውም፤ የጎደለው ትእዛዙ ሳይሆን ማደጊያው ነውና። የክብደት አያያዝ እዚህ ላይ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ በምግብ እጥረት ወይም በቆየ በሽታ የሚያጥር ልጅ አስቀድሞ ክብደቱ ይቀንሳል፣ የሆርሞን እጥረት ያለበት ግን አጭር ሆኖ ሳለ ሞላ ያለ ነው።

የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቆየ የኩላሊት ወይም የአንጀት በሽታ፣ ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ) እና በሴቶች ልጆች ላይ የሚታየው ተርነር ሲንድሮም (ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች የአንዱ በሙሉ ወይም በከፊል መጉደል) ቁመትን ያሳጥራሉ። ስለዚህ የእድገት ሆርሞን የሚመረመረው እነዚህ ከተጣሩ በኋላ ነው።

ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል

መጀመሪያ የግራ እጅና የእጅ አንጓ ኤክስሬይ ይነሣል። ሕፃን ሲወለድ ስምንቱ የአንጓ አጥንቶች ገና ልም ስለሆኑ በኤክስሬይ አይታዩም፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ በታወቀ ቅደም ተከተል ይወጣሉ። ባለሙያው ምስሉን በየዕድሜው ከተዘጋጁ የእጅ ምስሎች ጋር እያስተያየ የአጥንት ዕድሜን ያነባል። የሰባት ዓመት ልጅ አጥንቱ የአራት ዓመት ልጅ መስሎ ከተገኘ እድገቱ ዘግይቷል፤ ዜናው ግን ከፊሉ መልካም ነው፣ ገና ብዙ የማደጊያ ጊዜ ቀርቶለታልና። ኤክስሬዩ ብቻውን የመዘግየቱን ምክንያት አይናገርም።

የደም ምርመራው ቀጥሎ ይመጣል። ሆርሞኑ በፍንዳታ ስለሚለቀቅ ጠዋት በአጋጣሚ በተወሰደ ደም ውስጥ አለመገኘቱ ምንም አያስረዳም፤ በጤነኛ ልጅም ላይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መጠኑ የማይዋዥቀው አይጂኤፍ-1 ይለካል። እርሱም በምግብ እጥረት ስለሚወርድ ውጤቱ ከልጁ አመጋገብ ጋር ተገናዝቦ መነበብ አለበት።

ጥርጣሬው ከጸና የማነቃቂያ ምርመራ ይደረጋል። ልጁ ሌሊቱን ሳይበላ ያድርና ጠዋት ሆስፒታል ይገባል። ክንዱ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይገባለታል፤ ዕጢዋ ያላትን ሆርሞን እንድትለቅ የሚያስገድድ እንደ ክሎኒዲን፣ አርጂኒን ወይም ግሉካጎን ያለ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ለሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በየግማሽ ሰዓቱ ደም ይቀዳል። ክሎኒዲን የወሰደ ልጅ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ የደም ግፊቱም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ክትትል አይለየውም። በተለያየ መድኃኒት የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች ከፍተኛ ውጤት በሚሊ ሊትር ከ10 ናኖ ግራም በታች ከሆነ እጥረት አለ ይባል ነበር፤ መለኪያዎቹ ስለተሻሻሉ ብዙ ማዕከላት ይህን ድንበር ወደ 7 ዝቅ አድርገውታል። ምርመራው ፍጹም አይደለም፤ ጤነኛ ልጅም፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ሊወድቅበት ይችላል። ስለሆነም ቁጥሩ ከእድገት ፍጥነቱ ጋር ካልተስማማ ፍጥነቱን ማመን ይሻላል። እጥረቱ ሲረጋገጥ በኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ዕጢዋ ትታያለች፤ እብጠት ቢኖር መጀመሪያ መታከም ያለበት እርሱ ነው።

መድኃኒቱ ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1921 ተመራማሪዎቹ ኸርበርት ኢቫንስና ጆሴፍ ሎንግ በካሊፎርኒያ ከከብት ፒቱታሪ የተጨመቀ ፈሳሽ አይጦችን ከመጠን በላይ እንደሚያሳድግ አሳዩ። ይህ ለልጆችም ይሠራል የሚል ተስፋ ቢያሳድርም የከብት ሆርሞን በሰው ላይ ውጤት አልሰጠም። ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ተወስዶ የስኳር ሕሙማንን እያዳነ በነበረበት ዘመን የእድገት ሆርሞን እምቢ አለ፤ የሰው ሕዋስ የሚቀበለው የሰውን ወይም የጦጣና የዝንጀሮ ወገን የሆኑ እንስሳትን ሆርሞን ብቻ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪው ቾ ሃዎ ሊ ከሰው ፒቱታሪ ሆርሞኑን ለይተው አወጡ። በ1958 ደግሞ በቦስተን የሐኪሙ የሞሪስ ሬበን ሪፖርት ታተመ፤ እጥረቱ ያለበት የ17 ዓመት ወጣት ከሰው በተገኘ ሆርሞን ታክሞ አድጎ ነበር።

ምንጩ የሞቱ ሰዎች ፒቱታሪ ነበር። ከአንዷ ዕጢ የሚገኘው ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ በመሆኑ አንድን ልጅ ለዓመት ለማከም የብዙ አስከሬኖች ዕጢ ይፈለግ ነበር። አሜሪካ ዕጢዎቹን የሚሰበስብና የሚያከፋፍል ድርጅት በ1963 አቋቋመች፤ እስከ 1985 ድረስ በዚህ መንገድ 7,700 ያህል ልጆች ታከሙ። ፈረንሳይና ብሪታንያም የየራሳቸው ፕሮግራም ነበራቸው። የመድኃኒቱ እጥረት ከባድ ስለነበር አንዳንድ ልጆች ተቀባይነት አለው ወደተባለ ቁመት ሲደርሱ፣ ገና ማደግ እየቻሉ፣ መርፌው ይቋረጥባቸው ነበር።

በ1985 መጀመሪያ ላይ በልጅነታቸው ይህን ሆርሞን የወሰዱ ወጣቶች ክሮይትስፌልት ያኮብ በሚባል በሽታ መሞታቸው ታወቀ። በሽታው በፕሪዮን (ቅርጹ የተዛባና ጤነኛውን ፕሮቲን ወደ ራሱ ዓይነት የሚለውጥ ፕሮቲን) የሚመጣ፣ አንጎልን የሚበላ፣ መድኃኒት የሌለው ነው። ዕጢዎቹ በብዛት አንድ ላይ ተቀላቅለው ይጨመቁ ስለነበር አንዲት የተበከለች ዕጢ ብዙ ልጆችን ልትጎዳ ትችል ነበር። ምልክቱ ከመርፌው በኋላ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ይቆያል። በዓለም ዙሪያ ከ200 በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፈረንሳይ ውስጥ የታከሙ ነበሩ። የሆርሞኑ ስርጭት በአሜሪካ በዚያው በ1985 ሚያዝያ አካባቢ ቆመ።

ምትኩ ግን ተዘጋጅቶ ነበር። የጄኔንቴክ ኩባንያ ሳይንቲስቶች የሰውን የእድገት ሆርሞን የዘር መመሪያ ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ባክቴሪያው ሆርሞኑን እንዲያመርት ማድረጋቸውን በ1979 አሳውቀው ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ምርት በጥቅምት 1985 ፈቀደ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሰጠው የእድገት ሆርሞን በሙሉ በእንዲህ ዓይነት መንገድ የተሠራ ስለሆነ ከአስከሬን የሚመጣው አደጋ የለበትም። ስለ መድኃኒቱ የሚነገረው የድሮ ፍርሃት ግን የሁለቱ ምንጮች ልዩነት ሳይነሣ እስከ ዛሬ ይዘዋወራል።

መርፌው በየምሽቱ ለምን ይሰጣል

ሆርሞኑ ፕሮቲን ስለሆነ ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጩታል። ስለዚህ ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል። ጤነኛ ዕጢ ብዙውን የምትለቀው በእንቅልፍ ሰዓት በመሆኑ መርፌውም ማታ ከመኝታ በፊት ይደረጋል። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ የተለመደው መጀመሪያ በሳምንት በኪሎ ግራም ከ0.16 እስከ 0.24 ሚሊ ግራም ነው። በሳምንት በኪሎ ግራም 0.2 ሚሊ ግራም የታዘዘለት የ20 ኪሎ ግራም ልጅ በሳምንት 4፣ በቀን 0.6 ሚሊ ግራም ያህል ይወስዳል።

መሣሪያው እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ ሲሆን መጠኑ ጫፉን በማዞር ይስተካከላል። ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ይያዛል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝመው መርፌ ትገባለች፤ መግፊያው እስከ መጨረሻው ይጫናል፤ መድኃኒቱ ተመልሶ እንዳይወጣ ለጥቂት ሰከንዶች ከተቆየ በኋላ ትነቀላለች። ዛሬ ቀኝ ጭን ከሆነ ነገ ግራው፣ ከዚያ ሆድ ወይም መቀመጫ ይሆናል፤ አንድ ቦታ ሲደጋገም ከሥሩ ያለው ስብ ይሰረጎዳል። በእግር ኳስ ወዳጆች ዘንድ የታወቀው የሊዮኔል ሜሲ ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በአርጀንቲና ሮሳሪዮ ያደገው ሜሲ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እጥረቱ ተገኝቶበት በየምሽቱ እግሩን ራሱ ይወጋ ነበር፤ ቤተሰቡ ወጪውን መቻል ሲከብደው እ.ኤ.አ. በ2000 የባርሴሎና ክለብ ለመሸፈን ተስማማ። አዋቂ ሲሆን ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ይህም የአማካይ ሰው ቁመት እንጂ የግዙፍ አይደለም።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። መብራት በሚጠፋበትና ማቀዝቀዣ በሌለበት አካባቢ ይህ ከመርፌው ሕመም የበለጠ ችግር ነው። በኢትዮጵያ እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ከፍተኛ ሆስፒታሎች የልጆች ሆርሞን ሐኪሞች ቢኖሩም ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም ከውጭ የሚገባና ውድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ዓይነቶች በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቅደዋል። በዓመት 365 የነበረውን መርፌ ወደ 52 ያወርዳሉ።

ምን ያህል ቁመት ይጨመራል

በመጀመሪያው የሕክምና ዓመት በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ያድግ የነበረ ልጅ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ይችላል። በቀጣዮቹ ዓመታት ፍጥነቱ እየበረደ ወደ ተለመደው ይመለሳል፤ ይህ መድኃኒቱ መሥራት ማቆሙን አያሳይም። ውጤቱን የሚወስነው እጥረቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ሕክምናው በስንት ዓመት እንደተጀመረ፣ የወላጆች ቁመት ምን እንደሆነና መርፌው ሳይዘለል መሰጠቱ ነው። በአራት ዓመቱ የጀመረ ልጅ ብዙውን ጊዜ ወደ ወላጆቹ ቁመት ይደርሳል፤ በአሥራ አራት ዓመቱ የጀመረው ግን የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ልጁ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ይለካል፤ አይጂኤፍ-1ም ይታያል። በመጀመሪያው ዓመት እድገቱ ካልፈጠነ መጀመሪያ የሚጠየቀው መርፌው በእርግጥ ይሰጥ እንደሆነና መድኃኒቱ እንዴት እንደተቀመጠ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ምርመራው ራሱ ትክክል ነበር ወይ የሚባለው።

ሆርሞኑ እጥረት ለሌለባቸው አንዳንድ አጫጭር ልጆችም ይሰጣል። ለተርነር ሲንድሮም፣ ለቆየ የኩላሊት በሽታና ለሌሎች ጥቂት ሁኔታዎች ጥቅሙ ታውቋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ያለ ምንም በሽታ በጣም አጭር ለሆኑ ልጆችም ፈቅዳለች፤ ከብዙ ዓመታት መርፌ በኋላ የሚገኘው ጭማሪ በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጤነኛ ልጅ ያን ያህል መርፌና ወጪ ለአምስት ሴንቲ ሜትር ተገቢ መሆኑ ያከራክራል።

ጉዳት ያስከትላል ወይ

አብዛኞቹ ልጆች ያለ ችግር ይታከማሉ። ቢሆንም ሦስት ነገሮች በትኩረት ይታያሉ። የመጀመሪያው ከማስታወክ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ የማይለቅ ራስ ምታት ነው፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት መጨመሩን ሊያመለክት ስለሚችል መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆማል። ሁለተኛው የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመምና ማነከስ ነው፤ በፍጥነት በሚያድግ ልጅ የጭን አጥንት ራስ ከእድገት ንጣፉ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። በጉልበት ላይ የሚሰማ ሕመም ምንጩ ዳሌ መሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይቀራል። ሦስተኛው ቀድሞ የነበረ የጀርባ አጥንት መጣመም መባባሱ ነው።

ሆርሞኑ የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚቃረን የደም ስኳር ይታያል፤ ተደብቆ የነበረ የታይሮይድ ማነስም ሊያጋልጥ ስለሚችል እርሱም ይለካል። ሕዋስን የሚያባዛ መድኃኒት በመሆኑ በሥራ ላይ ያለ ካንሰር ላለበት ልጅ አይሰጥም።

ሕክምናው መቼ ያበቃል

ለቁመት የሚሰጠው መርፌ የሚቆመው የእድገት ንጣፎቹ ሊዘጉ ሲቃረቡ፣ ማለትም የዓመቱ ጭማሪ ከ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ሲወርድ ነው። በአጥንት ዕድሜ ሲነገር ለሴቶች 14፣ ለወንዶች 16 ዓመት አካባቢ ነው።

ከዚያ በኋላ መርፌው ቢያንስ ለአንድ ወር ቆሞ ምርመራው ይደገማል። ምክንያቱ ያልታወቀ እጥረት ከነበረባቸው ልጆች ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ በቂ ሆርሞን እያመነጩ ይገኛሉ፤ እነርሱ ይሰናበታሉ። ዕጢዋ ከልደት ጀምሮ የተጎዳች ወይም በእብጠት የጠፋች ከሆነ ግን እጥረቱ ዕድሜ ልክ ነው። ለእነዚህ ወጣቶች ሆርሞኑ በአነስተኛ መጠን፣ በቀን ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ለቁመት ሳይሆን ለአጥንት ጥንካሬ፣ ለጡንቻና ለስብ ሚዛን ይቀጥላል። መጠኑም ከእንግዲህ በክብደት ሳይሆን በአይጂኤፍ-1 ውጤት እየታየ ይስተካከላል።